የአኢንሳ ዛፍና መስቀል፦ የአንዲት ትንሽ የስፔን ከተማ አርማ በሰሌዳና በሰንደቅ ዓላማ ላይ ሲመዘን

በሰሜን ስፔን፣ በአራጎን ክልል፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ ሲንካና አራ የተባሉት ወንዞች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ የተቆረቆረችው አኢንሳ ከሁለት ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። በአሮጌው ሰፈሯ፣ በድንጋይ ቅስት የተከበበውን አደባባይ ተከትለው በተደረደሩት የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ አርማዋ ያላረፈበት ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። አርማው በወርቃማ መደብ ላይ የቆመ አረንጓዴ ዛፍ ሲሆን፣ ከዛፉ ጫፍ በላይ ቀይ መስቀል አለ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ ሁለት ዕቃዎች ገዝቻለሁ፤ አንደኛው አርማው በእጅ የተሣለበት የሴራሚክ ሰሌዳ፣ ሁለተኛው የአራጎን ክልል ሰንደቅ ዓላማ ነው። ሁለቱን አብሬ የምመዝናቸው የአኢንሳ ዛፍ በክልሉ ሰንደቅ ዓላማ ላይ በተቀመጠው ጋሻ ውስጥ ከአራቱ ክፍሎች የመጀመሪያውን ስለያዘ ነው። አንዱ ሥዕል በሁለት መጠንና በሁለት አሠራር ቀርቦ ሲታይ ደግሞ ስለ ዕቃዎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ አርማው ጠባይም ብዙ ይናገራል። ከአንድ ቦታ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሰሌዳው የወጣበት ገንዘብ አይቆጭም፤ እንደ ገዛሁት ያለ የታተመ ባንዲራ ግን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አልመክርም። ልዩነቱ የአንዱ ሠሪ ባለሙያ መሆን፣ የሌላው ደግሞ ማሽን መሆን ብቻ አይደለም። አንድ ዛፍና አንድ መስቀል ብቻ ያለበት አርማ ቢያንስም፣ ቢደበዝዝም፣ በደካማ እጅ ቢሣልም ማንነቱ አይጠፋም፤ አራት ታሪኮችን በአንድ ጋሻ ያጨቀው የክልሉ አርማ ግን ሰፊ ቦታና ጥሩ ማተሚያ ካላገኘ ወዲያውኑ ይበላሻል። የአንድ ምልክት ጥሩነት የሚለካው በከፋ ሁኔታ ሲቀርብ በሚኖረው መልክ ነው ብዬ ስለማምን፣ አኢንሳ ከክልሏ የተሻለ አርማ አላት እላለሁ።

ከዕቃው በፊት ሥዕሉን ማወቅ ያስፈልጋል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ724 ጋርሲ ሂሜኔዝ የተባለ የጦር መሪ፣ ከሙሮች፣ ማለትም ከሰሜን አፍሪካ ተሻግረው ስፔንን ከያዙት ሙስሊሞች፣ ወረራ ሸሽተው በተራራው ከተጠለሉት ክርስቲያኖች መካከል ሦስት መቶ ያህል ተዋጊ አስከትሎ አኢንሳን ለማስለቀቅ መጣ። ጠላት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ስለነበር ነገሩ ወደ ሽንፈት ሲያዘነብል፣ በአንድ የካራስካ ዛፍ ላይ እንደ እሳት የሚንቦገቦግ ቀይ መስቀል ታየ፤ የወታደሮቹ ልብ ሞላ፣ ድሉም የእነርሱ ሆነ። ካራስካ በሜዲትራንያን ዙሪያ የሚበቅል፣ ትንንሽና ጠንካራ ቅጠሉ በክረምትም የማይረግፍ የባሉጥ ዓይነት ነው። በአርማ ሥዕል ደንብ ይህ ዛፍ ከነሥሩ እንደተነቀለ ሆኖ ይሣላል፤ ከግንዱ በታች ሥሩ ተዘርግቶ ይታያል እንጂ መሬት አይሣልም። ይህ ጥቃቅን ነገር ቢመስልም፣ በሱቆቹ ውስጥ ጥንቃቄ ያለውን ሥራ ከግዴለሹ ለመለየት ከሁሉ ይበልጥ የረዳኝ እርሱ ነው። ርካሽ ማግኔቶችና የቁልፍ መያዣዎች ላይ ሥሩ ተቆርጦ ዛፉ በአረንጓዴ ጉብታ ላይ ተተክሏል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሠራው ሰው የአርማውን ደንብ ሳይሆን የልጆች ሥዕል መጽሐፍ አይቶ የሠራው ይመስላል።

የታሪክ ተመራማሪዎች አፈ ታሪኩን እንደ ታሪክ አይቀበሉትም። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ቦታ፣ ትውፊቱ ከዚያ ድል ተነሣ የሚለው የሶብራርቤ መንግሥት የሚባል ነገር ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። አኢንሳ የምትገኝበት የሶብራርቤ ምድር በግልጽ የምትታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ የናቫራው ንጉሥ ታላቁ ሳንቾ በ1035 ሲሞት ሶብራርቤና ሪባጎርሳ ለልጁ ለጎንሳሎ ደረሱት፣ ጎንሳሎ ካለፈ በኋላም ግዛቱ የአራጎን የመጀመሪያ ንጉሥ ተብሎ በሚቆጠረው በወንድሙ በራሚሮ እጅ ገባ። ዛፉና መስቀሉ ከሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ጋር በአንድ ጋሻ ተቀናብረው በኅትመት የታዩት ደግሞ በ1499 በአራጎን ዋና ከተማ በሳራጎሳ በታተመው የአራጎን ዜና መዋዕል ላይ ነው። ተአምሩ ተፈጸመ ከተባለበት ዓመት አንስቶ ሲቆጠር ከሰባት መቶ ሰባ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። የሱቁ ሻጭ ግን ታሪኩን የተረከልኝ ትናንት በዓይኑ እንዳየ ሰው ነበር፤ አልተከራከርሁትም።

አፈ ታሪኩ የማይታመን መሆኑ ግን አርማውን ባዶ አያደርገውም፤ ምክንያቱም ልብ ወለዱ ራሱ በታሪክ ውስጥ ሥራ ሠርቷል። የአራጎን መኳንንትና የሕግ ሰዎች በሶብራርቤ ከንጉሥ በፊት ሕግ ነበረ፣ ንጉሥም የተመረጠው ያንን ሕግ ሊጠብቅ ቃል ገብቶ ነው የሚል ትረካ አበጅተው በንጉሡ ሥልጣን ላይ ገደብ ለማኖር ይጠቅሱት ነበር። በንጉሡና በተገዢዎቹ መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚዳኘው፣ ሁስቲሲያ የተባለው ሹመትም ጥንታዊነቱን ከዚያው ትረካ ይቀዳ ነበር። በ1591 የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፔ ሠራዊቱን ወደ ሳራጎሳ ልኮ ወጣቱን ሁስቲሲያ ሁዋን ደ ላኑሳን በአደባባይ አንገቱን ሲያስቆርጠው፣ ክርክሩ በሰይፍ ተዘጋ። እንግዲህ ይህ ዛፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለአራጎን ሰዎች የድሮ መብታቸውን የሚያስታውስ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በኩባያ ላይ ታትሞ በስድስት ዩሮ ሲሸጥ ይህ ሁሉ አይታይም፤ መታየትም አይጠበቅበትም።

አሁን ወደ ሰሌዳው ልመለስ። ጎኑ ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚያንስ አራት ማዕዘን ሲሆን ዋጋው 24 ዩሮ ነው። ጀርባው ልባስ ያልነካው ቀይ ሸክላ ነው፤ ሽቦ ወይም ክር ለማስገባት ሁለት ቀዳዳዎች ተበጅተውለታል፤ ቀዳዳዎቹ ሸክላው እርጥብ ሳለ የተወጉ መሆናቸው ከጠርዛቸው ይታወቃል። የፊቱ ገጽ ወፍራም ነጭ ልባስ ለብሷል፤ በነጩ ላይ ጋሻው ከታች ክብ ሆኖ በስፔን አርማዎች ልማድ መሠረት ተሥሏል። ከሁሉ የወደድሁት የዛፉን አሠራር ነው። ሠዓሊው ቅጠሉን በአንድ አረንጓዴ አልደፈነውም፤ መጀመሪያ ሳሳ ያለ አረንጓዴ ቀብቶ፣ በላዩ በብሩሹ ጫፍ ጠቆር ያሉ ትንንሽ ነጠብጣቦች ጥሏል። ነጠብጣቦቹ በእቶኑ ሙቀት ጠርዛቸው ትንሽ ስለፈሰሰ፣ ከቅርብ ሲያዩዋቸው አንድ በአንድ ቅጠል ናቸው፣ ሦስት እርምጃ ሲርቁ ደግሞ ድፍን ዛፍ ይሆናሉ። ሥሩም አልተዘለለም፤ ከግንዱ በታች በሦስት ቀጫጭን መስመሮች ተከፍሎ ወጥቷል።

የግንዱና የሥሩ መስመር ጥቁር ቢመስልም ብርሃን ሲያርፍበት ሐምራዊ ነው፤ ይህም ከየት እንደመጣ ለማወቅ አያዳግትም። በአራጎን ደቡብ የምትገኘው ቴሩኤል ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በነጭ ልባስ ላይ በመዳብ አረንጓዴና በማንጋኒዝ ሐምራዊ በሚሣል ሴራሚክ የታወቀች ናት፤ የሰሌዳው ሠሪም የዚያን ወግ ቀለማት ለዚህ አርማ አውሏቸዋል። ችግሩ ያለው በቀዩ ላይ ነው። በእቶን ለሚተኮስ ሥዕል ቀይ ከቀለማት ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ከብረት ማዕድን የሚገኘው ቀይ በሙቀት ወደ ቡኒ ያደላል። በዚህም ሰሌዳ መስቀሉ የእሳት መስቀል መሆኑ ቀርቶ የጡብ ቀለም ይዟል። አንዳንዱ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን የአርማ ሥዕል ደንብ ቀዩ ምን ያህል ቀይ መሆን እንዳለበት አይወስንም፤ ደማቅም ይሁን ደብዘዝ ያለ፣ ቀይ ተብሎ እስከታወቀ ድረስ ይበቃል። የቀለሙን መጠን በቁጥር የሚወስኑት የዘመናችን የሰንደቅ ዓላማ ሕጎች ናቸው። ስለዚህ ሰሌዳው ደንብ አላፈረሰም፤ እኔ በበኩሌ የጡቡን ቀለም ከደማቁ ይልቅ ወድጄዋለሁ።

እዚህ ላይ በሱቁ ውስጥ ካየኋቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ የሳቱትን አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። የአርማ ሥዕል ቀለማትን በሁለት ወገን ይከፍላል፤ ወርቅና ብር ማዕድናት ይባላሉ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ደግሞ ቀለማት ይባላሉ። ቀለም በቀለም ላይ፣ ማዕድንም በማዕድን ላይ አይቀመጥም፤ ቀለም በማዕድን ላይ፣ ማዕድን በቀለም ላይ ነው ወጉ። ጋሻና ባንዲራ በጦር ሜዳ አቧራ ውስጥ ወገንን ከጠላት ለመለየት የሚያገለግሉ ስለነበሩ፣ ደማቁ በፈዛዛው ላይ ጎልቶ እንዲታይ የወጣ ሥርዓት ነው። የአኢንሳ አርማ ይህን ሥርዓት በትክክል ያከብራል፤ አረንጓዴው ዛፍም ቀዩ መስቀልም ሁለቱ በወርቃማው መደብ ላይ ናቸው። ይህ የሚሆነው ግን መስቀሉ ከዛፉ ጫፍ በላይ ሲቆም ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል መስቀሉን ወደ ቅጠሉ ውስጥ ያስገቡት ማግኔቶች ቀዩን በአረንጓዴው ላይ አድርገውታል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ መስቀሉ ይጠፋል፣ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ለሚቸገር ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም የለም። ሰሌዳው በዚህ ፈተና አልወደቀም፤ መስቀሉ ብቻውን፣ በቢጫው ላይ፣ ከቅጠሉ የጣት ውፍረት ያህል ርቆ ቆሟል።

ጉድለት አልባ ነው ማለቴ አይደለም። በአንደኛው ማዕዘን ቢጫው ሳስቶ ነጩ ይታያል። ከጋሻው በላይ ያለው ዘውድም በጥድፊያ የተሣለ ነው፤ ዕንቁዎቹ መጠናቸው ተዘበራርቆ በሰፌድ ላይ የተበተነ ባቄላ መስለዋል። ዘውዱ በስፔን የከተማ አርማዎች ላይ ዘወትር የሚታይ ነገር በመሆኑ ሠዓሊው እንደ ማሟያ ብቻ ቆጥሮት ይሆናል፤ ለ24 ዩሮ ግን ትንሽ ተጨማሪ ትዕግሥት መጠበቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ሰንደቅ ዓላማው ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። አንድ ሜትር ተኩል በዘጠና ሳንቲ ሜትር የሆነ የፖሊስተር ጨርቅ ነው፣ ዋጋው 12 ዩሮ፣ በአንዱ ጎኑ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉት። አምስት ቢጫና አራት ቀይ አግድም መስመሮች አሉት፤ ይህ ትክክል ነው። እነዚህ መስመሮች የአራጎን ነገሥታት የድሮ ምልክት ስለነበሩ ከአራጎን በተጨማሪ ካታሎኒያ፣ ቫሌንሲያና የባሌያሪክ ደሴቶችም በሰንደቅ ዓላማቸው ይጠቀሙባቸዋል። የካታሎኒያው መስመሮቹን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ አራጎንን ከእርሱ የሚለያት በጨርቁ ላይ ወደ ምሰሶው ጠጋ ብሎ የሚቀመጠው ጋሻ ነው። የክልሉ የ1984 ሕግም የሰንደቅ ዓላማውንና የጋሻውን አሠራር በዝርዝር ደንግጓል። ጋሻው የማይነበብ ከሆነ ታዲያ የተገዛው የአራጎን ባንዲራ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ያለበት የጎረቤት ባንዲራ ነው።

በገዛሁትም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጋሻው ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ታትሟል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ደግሞ አራት ክፍሎች መግባት አለባቸው። በመጀመሪያው ክፍል የአኢንሳ ዛፍና መስቀል፣ በሁለተኛው በሰማያዊ መደብ ላይ ወደ ማዕዘን የተጠጋ፣ የታችኛው ክንዱ የሾለ የብር መስቀል፣ በሦስተኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀይ መስቀልና በአራቱ ማዕዘናት አራት የሙር ራሶች፣ በአራተኛው በወርቅ መደብ ላይ አራት ቀያይ ቋሚ መስመሮች አሉ። የኅትመቱ ነጠብጣብ ሻካራ በመሆኑ የብሩ መስቀል ግራጫ ጭረት ሆኗል፣ የሙሮቹ ራሶችም ፊት የሌላቸው ጥቁር ነጥቦች ሆነዋል። ከአራቱ ክፍሎች ምንነቱ ከነጉዳቱም የሚታወቀው የአኢንሳ ዛፍ ነው፤ ቅርጹ ጎመን ቢመስልም፣ አረንጓዴ ነገር በቢጫ ላይ፣ ከላዩ ቀይ ነገር መኖሩ ከመንገድ ማዶ ይለያል። የመስመሮቹ ክፍልም ይታያል፣ ነገር ግን ከራሱ ከባንዲራው መስመሮች ጋር ስለሚደባለቅ ዓይን ያልፈዋል።

ሁለተኛው ችግር ከጀርባው ነው። ቀለሙ በአንድ ወገን ታትሞ ወደ ሌላው የዘለቀ በመሆኑ፣ ከኋላ የሚያይ ሰው ጋሻውን ተገልብጦ ያየዋል፤ ዛፉ ወደ ሁለተኛው ቦታ ይሄዳል፣ የሰማያዊው መደብ መስቀል ወደ መጀመሪያው ይመጣል። በጋሻ ውስጥ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል የክብር ቅደም ተከተል ስለሆነ ይህ የትርጉም ስሕተት ነው። መስመር ብቻ ባለው ባንዲራ ላይ ምንም ችግር አይፈጥርም፤ ዛፉና መስቀሉ ብቻ ባሉበት አርማም ግራ ቀኙ ተመሳሳይ በመሆኑ ከፊትም ከኋላም ያው ነው። በረንዳ ላይ ሰቅዬው የበጋው ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቀዩ ከቢጫው ቀድሞ መልቀቅ ጀመረ፤ ወደ ምሰሶው ያለው ስፌት ደኅና ቢሆንም በነፋስ የሚመታው ጫፍ አንድ መስመር ስፌት ብቻ ስለነበረው ተተርትሯል።

የጋሻውን ሦስተኛ ክፍል ግን የኅትመት ጉዳይ ብቻ አድርጌ ማለፍ አልችልም። አራጎኖች በ1096 በአልኮራስ ሜዳ ከሙሮች ጋር ተዋግተው የዌስካን ከተማ ሲይዙ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ታያቸው ይላል ትውፊታቸው፤ ቀዩ መስቀል ለእርሱ፣ አራቱ የተቆረጡ ራሶች ደግሞ ተሸንፈዋል ለተባሉት አራት ነገሥታት ነው። በዚያም ምክንያት ሚያዝያ 23 የክልሉ ቀን ሆኖ ይከበራል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ አድዋን ማስታወሱ አይቀርም። ልክ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፣ የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ በነበረበት በዚያ ጦርነት፣ ቅዱሱ በነጭ ፈረስ ታየ የሚለው ትረካ በእኛም ዘንድ አለ። ቅዱሱ አንድ ነው፣ ቀኑም 23 ነው፤ ከተሸናፊው ወገን የሚቀረው ሥዕል ግን ይለያያል። በአራጎን ጋሻ ላይ ያሉት ጥቁር ራሶች፣ በግንባራቸው ነጭ ጨርቅ የታሰረ፣ ከአንገታቸው የተቆረጡ ናቸው። ተመሳሳዩ ምልክት በአራጎን ዘውድ ሥር በነበረችው በሰርዴኒያ ሰንደቅ ዓላማ ላይም ዛሬ ድረስ አለ። በአራጎን ራሷ ራሶቹ ይቅሩ አይቅሩ የሚል ክርክር ተነሥቶ ያውቃል። ታሪክን በታሪክነቱ መተው ይገባል የሚለውን ሐሳብ እረዳለሁ፤ ነገር ግን እንግዳ በሚቀበሉበት ሳሎን ግድግዳ ላይ አራት የተቆረጡ ጥቁር ራሶችን መስቀል ሌላ ነገር ነው፣ እኔም አላደርገውም። ከዚህ አንጻር ኅትመቱ ራሶቹን ወደ ነጥብ መቀየሩ ሳያስበው ውለታ ውሎልኛል ማለት ይቻላል።

ስለ ሱቁ አገልግሎት ብዙ የሚባል ነገር የለም። ሻጩ ትሑት ነው፣ አይቸኩልም፣ ዕቃ አንሥቶ ማገላበጥን አይከለክልም፤ ሰሌዳውን ግን ማን እንደሠራውና የት እንደተተኮሰ ስጠይቀው ከአካባቢው ነው ከማለት በቀር የሚነግረኝ አልነበረውም፣ በጀርባው ላይም የሠሪ ስም የለም። በእጅ ለተሠራ ዕቃ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በአንድ ጥግ ደግሞ የቤተሰብ አርማ የሚያትም ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ስም ያስገባሉ፣ የዚያ ስም ባለቤቶች ጋሻ ነው የተባለ ወረቀት ከነታሪኩ ይወጣል። በስፔን የቱሪስት ከተሞች የተለመደ ንግድ ነው፤ ነገር ግን አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዘር እንጂ አንድ ስም ለሚጠሩ ሰዎች ሁሉ ስላልሆነ፣ የሚሸጠው ወረቀት ከጌጥነት አያልፍም። የእኛ ሰው በፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚያሰፍረው የአያቱን ስም በመሆኑ፣ የአያቴን ስም ላስገባው ብዬ ሞከርሁ፤ ማሽኑ ተቀራራቢ ፊደል ያለው የአንድ ካስቲያዊ ቤተሰብ ጋሻ በሁለት ተኩላዎች አጅቦ አቀረበልኝ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ እንዴት ይስቁ እንደነበር አስቤ ሳልገዛው ወጣሁ።

አርማውን ከመግዛት በፊት ዋናውን ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ ከአሮጌው ሰፈር ወጣ ብሎ ክሩስ ኩቢየርታ የሚባል፣ በዓምዶች ላይ ጣሪያ የተደፋበት ትንሽ ሐውልት አለ፤ ተአምሩ ሆነበት በተባለው ቦታ የተሠራ ነው፣ በውስጡም መስቀሉን የተሸከመው ዛፍ በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል። መግቢያ አይከፈልበትም። የድንጋዩን ዛፍ አይቶ ወደ ሱቅ የሚመለስ ሰው የትኛው ዕቃ በወጉ እንደተሠራ ለመለየት ብዙም አይቸገርም። ላ ሞሪስማ የተባለው፣ የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸው ክርስቲያንና ሙር ሆነው የ724ቱን ውጊያ በአደባባዩ ላይ የሚተውኑበት በዓል በየሁለት ዓመቱ ሲከበር ደግሞ ከየመስኮቱ የሚወርዱት ባንዲራዎች ትልልቅና የተሰፉ ስለሚሆኑ፣ ዛፉ በተገቢው መጠን ምን እንደሚመስል ያኔ ይታያል።

የአራጎን ባንዲራ የግድ ያስፈልገኛል የሚል ካለ፣ ጋሻው የታተመ ሳይሆን የተጠለፈ መሆኑን ይጠይቅ። የተጠለፈው ከታተመው ብዙ ዕጥፍ ዋጋ ቢያወጣም በሁለቱም ወገን ትክክለኛ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አቅንቶ ጀርባውን መመልከት፣ የነፋስ ጫፉ ቢያንስ ሁለት መስመር ስፌት እንዳለው መቁጠርም ጥሩ ነው። ሰሌዳውን የሚገዛ ደግሞ ከተደረደሩት ሁሉ አንድ በአንድ አንሥቶ ያወዳድር፤ በእጅ የተሣሉ በመሆናቸው ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ የአንዱ መስቀል ከሌላው የቀላ፣ የአንዱ ዘውድ ከሌላው የተስተካከለ ነው፤ ሻጩም ምርጫውን አይቸኩልበትም። የሚያቀርበው መጠቅለያ የጋዜጣ ወረቀት ብቻ ስለሆነ በአውሮፕላን የሚመለስ ሰው ሰሌዳውን በልብስ ጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይኖርበታል፤ የእኔው በዚሁ መንገድ ሳይሰነጠቅ ደርሷል።